ጃምቦ የለመዱ እንግዶችን ዲሲ መሀል ከተማ ክራፍት ቢራ ቤት ስወስድ ምን ልዘዝላቸው?

ኪንግ_ስትሪት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ሁለት የአክስቴ ልጆች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ቢራ ይወዳሉ፤ የሚያውቁት ግን ጊዮርጊስ ድራፍት፣ ሐበሻና ዋልያን ነው። ታላቅየው ጠላና ጠጅም ይወዳል። 14ኛው ጎዳና ላይ ያለው ቸርችኪ ወይም እሱን የመሰለ፣ ክራፍት ቢራ፣ ማለትም የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ የሚሸጥ፣ የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ቢራ እየቀያየረ የሚቀዳ ቤት ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ችግሬ ሰሌዳው ነው። ሃምሳ መስመር ተጽፎበት ግማሹ የማላውቀው ስም ነው፤ አንድ ሰው «ይህን ጠጡ» ያለኝ ቢራ ደግሞ በሳምንቱ ከሰሌዳው ይጠፋል። እንዴት ነው የሚመረጠው? ስንት ብርጭቆ ይበቃቸዋል? ቢራው ተበላሽቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? መታወቂያና መጓጓዣ ላይም የምታውቁትን ጨምሩልኝ። የምንነሳው ከአሌክሳንድሪያ ነው።

ብቅል_እና_ጌሾ

ወንድሜ፣ ቧንቧው በሚቀያየርበት ቤት የቢራ ስም ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ ይዘህ የምትሄደው የቢራውን ዓይነት ነው። በሰሌዳው እያንዳንዱ መስመር ላይ የጠማቂው ስም፣ የቢራው ስም፣ ዓይነቱ፣ የአልኮል መጠኑ በመቶኛ እና ዋጋው ይጻፋል። ስሙን እለፈውና ዓይነቱንና መቶኛውን ብቻ አንብብ። ቀጥለህ በስንት አውንስ ብርጭቆ እንደሚቀዳ ጠይቅ፤ ሁሉም ቤት አይጽፈውምና።

ለጃምቦ ጠጪ የመጀመሪያው ብርጭቆ ፒልስነር፣ ሄለስ ወይም ኮልሽ ይሁን። ሦስቱም ጠርተው የሚቀዱ፣ 5 በመቶ አካባቢ የሆኑ፣ ቀለል ያሉ ናቸው። የአገር ቤቶቹ ቢራዎችም «ላገር» የሚባለው፣ በቅዝቃዜ የሚብላላ የቢራ ዓይነት ስለሆኑ ምላሳቸው መነሻ ያገኛል። ፒልስነር ከጊዮርጊስ ይልቅ መረር ሊላቸው ይችላል፤ ምሬት የማይወድ ካለ ሄለሱን ስጠው። ሴኔት የሚባለውን ቢራ ሰሌዳው ላይ ካየኸው አትለፈው። በዱፖንት ሰርክል አጠገብ ያለው የሄውሪክ ሙዚየምና ራይት ፕሮፐር የተባለው የዲሲ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2019 መልሰው ያስነሱት የድሮ የዋሽንግተን ላገር ነው፤ በቆሎ አለበት፣ ለስላሳ ነው። የድሮው ጠማቂ የሄውሪክ ፋብሪካ ዛሬ ኬነዲ ሴንተር ካለበት ቦታ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከተዘጋ በኋላ ዲሲ ብራው በ2011 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከተማዋ ውስጥ ቢራ ጠምቆ ለገበያ የሚያከፋፍል ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ «የአካባቢ ቢራ» የሚባለው ነገር እዚህ ገና ወጣት መሆኑን እንግዶችህ ቢያውቁት ጥሩ ነው። እነሱ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠመቅ ጊዮርጊስ ካለበት አገር ነው የሚመጡት።

ሁለተኛው ብርጭቆ ዊት ይሁን። የስንዴ ቢራ ነው፤ በተፈጥሮው ደፍረስ ያለ። የአሌክሳንድሪያው ፖርት ሲቲ የሚጠምቀው ኦፕቲማል ዊት 4.9 በመቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭ እና ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ የኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቅመም ይገባበታል። ለአበሻ አፍንጫ ከዚህ የተሻለ መተዋወቂያ የለም ባይ ነኝ።

አይፒኤ የሚባለውን ሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) የበዛበት ቢራ ወደ ኋላ አቆየው። ምሬቱ ምላስ ላይ ስለሚቀር ከሱ በኋላ የሚመጣውን ላገር ውሃ ያስመስለዋል። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው፤ ላገር፣ ስንዴ፣ ፔል ኤል፣ አይፒኤ፣ መጨረሻ ላይ ስታውትና ሌሎች ጥቁርና ከባድ ቢራዎች።

አሁን ስለ መጠን፤ እንግዶች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ አንድ መደበኛ መጠጥ የምትለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ ይህም 12 አውንስ የ5 በመቶ ቢራ ማለት ነው። ሙሉ ፓይንት 16 አውንስ፣ ማለትም 473 ሚሊ ሊትር ነው። የ5 በመቶ ላገር በፓይንት ሲቀዳ 1.3 መደበኛ መጠጥ ይሆናል። ያው ብርጭቆ በ8 በመቶ አይፒኤ ከተሞላ ከ2 በላይ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ አራት ጃምቦ እጠጣለሁ» ያለ ሰው አራት የ8 በመቶ ፓይንት ከጠጣ ከስምንት ተኩል በላይ መደበኛ መጠጥ ወስዷል። በደንብ የሚሠራ ቤት ከ8 በመቶ በላይ ያለውን ቢራ በ8 ወይም በ10 አውንስ ብርጭቆ የሚቀዳው ለዚህ ነው። እንግዳ «አጭበረበሩን» እንዳይል አስቀድመህ ንገረው።

የቧንቧ_ጥገና

ምርጫው ከላይ ተብሏል፤ እኔ ከቧንቧው ጀርባ ስላለው ልጨምር። የሚቀያየር ቧንቧ ጥቅምም አደጋም አለው፣ ሁለቱም ከኬጉ (ከቢራው በርሜል) መጠንና ከቱቦው ንጽሕና ይመጣሉ።

ትልቁ ኬግ 58.7 ሊትር ይይዛል፤ ምንም ሳይባክን ቢቀዳ 124 ፓይንት ይወጣዋል። ትንሹ 19.5 ሊትር ነው፣ 41 ፓይንት አካባቢ። ቢራ የሚቀያይሩ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን የሚወስዱት ቶሎ አልቆ ትኩስ ሌላ እንዲተካ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ የድራፍት ኬግ ፓስቸራይዝ ያልተደረገ፣ ማለትም በሙቀት ያልታከመ ቢራ ስለሆነ ከፋብሪካ እስከ ቧንቧ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት። እንዲህ የተያዘ ኬግ ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ከ45 እስከ 60 ቀን ጥሩ ነው። ደፍራሳው አይፒኤ ግን ከዚያም ቀድሞ የሆፕስ መዓዛው መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አስተናጋጁን «ይህ መቼ ተከፈተ? ኬጉስ መቼ ተሞላ?» ብለህ ጠይቅ። በዚህ የሚቀየም ባለሙያ የለም። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥህ ሰው ያለበት ቤት ቢራውን ይከታተላል ማለት ነው።

አረፋ ሲበዛ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ቀጂውን ነው፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ሙቀት ነው። ቢራው ከማቀዝቀዣው ክፍል እስከ ቧንቧው ጫፍ 38 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆን አለበት። በዚህ ሙቀት የተለመደ ላገር ወይም ኤል 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ይያዛል። ቱቦው መንገድ ላይ ከሞቀ ጋዙ ከቢራው ይወጣና ብርጭቆው ግማሽ አረፋ ይሆናል። ግፊቱን መቀነስ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ያ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፣ ጋዙ ኬጉ ውስጥ እያለ መውጣት ይጀምራልና ቢራው እያደር ይሞታል። አረፋ ራሱ ጠላት አይደለም። ከላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አረፋ መኖሩ ትክክል ነው፤ መዓዛውን የሚያወጣው እሱ ነው።

የቱቦ ንጽሕና ደረጃው በየ14 ቀኑ በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ፣ ቧንቧው ተፈታትቶ መቦረሽ፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ በአሲድ መታጠብ ነው። ይህ ሲዘለል ቱቦው ውስጥ የቢራ ደለል ይጋገራል፣ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። ያኔ ላገርህ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም የቀለጠ ቅቤ ቅቤ ይልሃል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የቱቦ አይደለም፤ ቢራው አርጅቷል ወይም ኦክስጅን ገብቶበታል። በሚቀያየር ቧንቧ ላይ የሚጨመር አንድ ችግር አለ፦ የፍራፍሬ ወይም የቅመም ቢራ የወጣበት ቱቦ ሽታውን ይይዛል፣ ቀጥሎ የገባው ፒልስነር የራስቤሪ ጠረን ይዞ ይወጣል። ጠንቃቃ ቤት ለእንዲህ ያሉ ቢራዎች ራሱን የቻለ መስመር ይመድባል ወይም ቱቦውን ይቀይራል። ስለዚህ ቤቱን መፈተን ከፈለግህ በላገር ጀምር። ላገር ጥፋት የሚሸሸግበት ቦታ የለውም።

ብርጭቆውንም እይ። ከአረፋው በታች ጎኑ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ አረፋዎች ካሉ ብርጭቆው ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል። ንጹሕ ከሆነ በጠጣህ ቁጥር አረፋው ጎኑ ላይ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። በረዶ የያዘ ብርጭቆ ቢሰጡህ ያልቀዘቀዘውን ጠይቅ፤ በረዶው አረፋ ያበዛል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። የቧንቧው አፍ ቢራው ውስጥ እየተነከረ ከተቀዳም ጥሩ አይደለም፤ አፉ ላይ የተጋገረው ሁሉ ብርጭቆህ ውስጥ ይገባል።

ካስክ_ወዳጅ

የላይኛው መልስ ልክ ነው፤ ግን እንግዶቹ ደህናውን ቢራ «ተበላሽቷል» ብለው እንዳይመልሱ ይህ ይጨመርበት። ሰሌዳው ላይ ሳወር፣ ጎዘ ወይም በርሊነር ቫይሰ ከተጻፈ ሆምጣጣነቱ የታሰበበት ነው። ሄፈቫይዘን ሙዝና ቅርንፉድ የሚሸተው ከእርሾው ነው። ደፍራሳ አይፒኤም እንዲያ ሆኖ የተጠመቀ ነው። ጥፋት የሚባለው ዓይነቱ ሆምጣጣ መሆን የሌለበት ቢራ ሆምጥጦ ሲገኝ ነው።

ቸርችኪ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ የሚታወቀው በ50 የድራፍት ቧንቧና በ5 የካስክ ቢራ ነው። ካስክ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳ፣ ጋዝ ያልተጨመረበት፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚቀርብ ቢራ ነው። ጃምቦ የለመደ ሰው «ሞቋል፣ ጋዙም ሞቷል» ማለቱ አይቀርም። ሙሉ ብርጭቆ አታዝዝ፣ ትንሽ ቅመሱ። ከተከፈተ ሦስት ቀን ያለፈው ካስክ ግን በእርግጥ ይበላሻል፤ እዚህም «መቼ ተከፈተ?» የሚለው ጥያቄ ይሠራል።

ናይትሮ የተባለው ደግሞ ሌላ ነው። ጋዙ ከ70 እስከ 75 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ አረፋው እንደ ክሬም የወፈረ ነው፣ ምላስን አይቆነጥጥም። ለስታውት ያምርበታል።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚመክረው ፍላይት። አራት ባለ 4 አውንስ ብርጭቆ ባንድ ጊዜ ይቀርብልሃል። እኔ ለእንዲህ ያለ እንግዳ አልመክረውም። አራተኛው እስኪደረስ ሞቆ ጋዙ ወጥቷል፣ የናይትሮውም አረፋ ወርዷል፤ ሰው ደግሞ ትንሽ ነው ብሎ ይጨልጠዋል። አራቱ ተደምረው አንድ ፓይንት መሆናቸውን፣ አማካዩ 7 በመቶ ከሆነ ወደ ሁለት መደበኛ መጠጥ መጠጋቱን ማንም አይቆጥርም። የተሻለው ሁለት ሁለት እያደረጉ ማዘዝ ነው። ቸርችኪ ድራፍቱን በ4 አውንስ ይቀዳል፤ ለሦስት ሰው ሁለት የተለያየ ትንሽ ብርጭቆ አምጥታችሁ ቅመሱ፣ የወደዳችሁትን በሙሉ መጠን እዘዙ።

ብቅል_እና_ጌሾ

በፍላይቱ ላይ አልስማማም። ከፊት ለፊት ተደርድሮ ሲታይ ቀለሙና ሽታው ይነጻጸራል፤ አራቱ ላገር፣ ዊት፣ ፔል ኤልና አምበር ከሆኑ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚሞት ነገር የለም። ለናይትሮና ለካስክ ግን ያልከው ልክ ነው፤ እነሱ ለየብቻ ይታዘዙ።

ኪንግ_ስትሪት (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ታናሽየው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ የሚመጡትም በሱባኤ አካባቢ ነው። ቢራ ውስጥ የፍስክ ነገር ይገባል እንዴ? ሌላው፣ ለጠላና ለጠጅ ወዳጁ የሚሆን ነገር አለ?

ጋን_እና_ብርሌ

አዎ፣ ይገባል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሚልክ ስታውት፣ ሚልክሼክ አይፒኤ እና ብዙዎቹ ፔስትሪ ስታውት የሚባሉት የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ይጨመርባቸዋል። የቢራ እርሾ ላክቶስን መብላት ስለማይችል ጣፋጭነቱ እዚያው ይቀራል፤ የሚጨመርበትም ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ለጿሚ አይሆንም፤ ወተት ሆዱን ለሚረብሸውም እንደዚሁ። ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ላይጻፍ ስለሚችል ደፍራሳ ወይም ጣፋጭ ነገር ከመታዘዙ በፊት «ላክቶስ አለበት?» ብለህ ጠይቅ። ክሬም ኤል ግን ስሙ ነው እንጂ ወተት የለበትም። ኦይስተር ስታውት የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ሊገባበት ይችላል። አንዳንድ የካስክ ቢራ ደግሞ የሚጠራው ከዓሣ በሚወጣ ማጥሪያ ነው፤ ዓሣም የማይበላ ጿሚ ከሆነ ካስኩን ይለፈው። ተራው ላገር፣ ዊትና ፔል ኤል በመሠረቱ ብቅል፣ ሆፕስ፣ እርሾና ውሃ ናቸው፣ ዊት ላይ ስንዴና ቅመም ይጨመራል፤ የቀረው የራሱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። ጨርሶ አልጠጣም ካለም አያፍር፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች አልኮል የሌለው ቢራ ይይዛሉ።

ጠላ ለሚወደው ደግሞ ሁለት አቅጣጫ አለ። የጠላ ጭስ ጋኑ በወይራ ከመታጠኑ የሚመጣ ነው፤ ለሱ የሚቀርበው የባምበርግ ሥሪት የሆነው የጭስ ቢራ፣ ራውክቢር ነው፤ ብቅሉ በእንጨት ጭስ ላይ ይደርቃል። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ጭስ የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ካየህ ለሱ ያዝለት። የጠላን ሆምጠጥ ማለት ከፈለገ ሴዞን ወይም ጎዘ ይሞክር። ጎዘ ጨውና ድንብላል ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ የማይሞላ ነው። ለጠጅ ወዳጅ የቤልጅየም ትሪፕል ይስማማዋል፤ ወርቃማ፣ የፍራፍሬ መዓዛ ያለው፣ መጨረሻው ደረቅ ነው። ከ8 እስከ 9.5 በመቶ ስለሆነ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ያም መጨረሻ ላይ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ፍላይንግ ዶግን የሜሪላንድ ቢራ ነው ብላችሁ አታቅርቡላቸው። ፍሬድሪክ ይጠመቅ ነበር፤ በ2023 ኤፍ ኤክስ ማት ገዝቶት ጠመቃው ወደ ዩቲካ፣ ኒው ዮርክ ሄዷል። «ሎካል» የሚለው ቃል ላይ የሚጨነቅ ቤት እንዲህ ያለውን ለይቶ ይነግራችኋል።

ብሉ_ላይን

መጓጓዣውን በአጭሩ። መኪናውን አሌክሳንድሪያ ተወው። ከኪንግ ስትሪት ሰማያዊውን መስመር ያዙ፣ ሳትቀይሩ ማክፈርሰን ስኩዌር ውረዱ፣ 14ኛውን ጎዳና ይዛችሁ ወደ ሰሜን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር። ሲመለሱ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ የዚያን ዕለት እዩ፤ ዲሲ ውስጥ መጠጥ የሚቀዳው ከእሑድ እስከ ሐሙስ በአሜሪካ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 3 ሰዓት ስለሆነ ቤቱ ክፍት ነው ብላችሁ ስትቀመጡ ባቡሩ ሊቋረጥ ይችላል።

ሁለቱም ፓስፖርታቸውን ይያዙ፣ ፎቶ ኮፒ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በር ላይ ያለው ሰው ሊያሰላው አይችልም። 21 ዓመት ያልሞላው አይጠጣም።

ባዶ ሆድ አትሂዱ። የዩ ስትሪትና የ9ኛው ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤቶች ቸርችኪ ካለበት ከሎጋን ሰርክል ሰፈር በእግር ይደረሳሉ፤ እዚያ በልታችሁ መውረድ ትችላላችሁ። አስተናጋጁን ማነጋገር ከፈለጋችሁ ከሥራ መውጫ ጥድፊያ በፊት፣ በሳምንቱ መካከል ሂዱ። ዓርብ ማታ ሃምሳ ቧንቧ የሚያስረዳ ጊዜ ያለው ሰው አታገኝም።

ሂሳቡ፦ በአንድ ካርድ ታብ (እስክትወጡ ድረስ የሚደመር ሂሳብ) ክፈት፣ ስትወጣ መዝጋቱንና ካርድህን መቀበልህን እርግጠኛ ሁን። በሰሌዳው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የዲሲ ግብር ይጨመራል። ከዚያ ጉርሻ፣ ከ18 እስከ 20 በመቶ። ለምሳሌ 40 ዶላር የሚያወጣ ቢራ ከታዘዘ 4 ግብር፣ 8 ጉርሻ፣ ጠቅላላ 52 ነው። ግን አንዳንድ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ ራሳቸው ስለሚደምሩ ደረሰኙን ሳታነብ ጉርሻ አትጨምር። ለቅምሻ የተሰጣችሁን ነፃ ጭላጭ አስተናጋጁ ጊዜውን የሰጠበት ስለሆነ ጉርሻው ላይ አስቡት።

የቧንቧ_ጥገና

አንድ የረሳሁት፦ ቢራው ትክክል ካልመሰለህ ግማሹን ጠጥተህ አትመልስ። ሁለት ጉንጭ ካየኸው በኋላ «ኮምጣጤ ይላል» ወይም «ቅቤ ቅቤ ይላል» ብለህ ለይተህ ንገረው። «አልወደድኩትም» ካልከው ምርጫህ መስሎት ሌላ ዓይነት ያመጣልሃል፤ ጣዕሙን ለይተህ ከነገርከው ግን ራሱ ቀምሶ፣ ጥፋት ካገኘ ኬጉን ወይም መስመሩን ይዘጋል።